እሳት ያየ ማር

በጉምዳር መንግሥት ውርጭ ሊገባ ሲል ንብ ወደ ቀፎው ይሰበሰባል እንጂ አይወጣም። በንግሥት አስካለ ጉም ዘመነ መንግሥት በዘጠነኛው ዓመት ግን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የአገሩ ንብ ሁሉ ከየቀፎው ወጥቶ በቤተ ጋኑ ደጃፍ ላይ ረገፈ። ያየ ሁሉ አፉን ያዘ። ወዲያው የቤተ ጋኑ በር ተከፈተ፤ እናቲቱ የለችም!

እናቲቱን ለማያውቅ ልንገር። በቤተ ጋኑ ውስጥ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይከበው የኮምጣጤ ጋን ነበር። በላዩ ላይ እንደ ወተት ስልባቦት የምትንሳፈፍ፣ የፈሰሰበትን ጠጅ ሁሉ ወደ ኮምጣጤ የምትለውጥ ሕያው ነገር ነበረች፤ እናቲቱ የሚሏት እሷን ነው። ውርጭ በመጣ ቁጥር የጋኑ ጠባቂ ጦስኝ፣ ዳማከሴ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የተዘፈዘፈበትን ኮምጣጤ በማር ለውሶ ለየቤቱ አንዳንድ ዋንጫ ያድላል። ያን የጠጣ ደረት ውስጥ አመዳዮ አይገባም።

አመዳዮ በቁር አምባ ዋሻ የሚኖር ነጭ አውሬ ነው፤ ጉሙ ትንፋሹ ነው። የገባበት ሰው መጀመሪያ ድምፁን ያጣል፤ ቀጥሎ ጣቶቹ ይነጣሉ፤ በሰባተኛው ቀን ዓይኑን እንደገለጠ ይቀራል። መሞትስ ማንም ይሞታል። ጉሙ በበር ስንጥቅ ሲገባ እያዩ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን ከሞት ይከፋል።

«ሰረቀን!» ብለው ጮኹ የጋኑ ጠባቂ አለቃ ዘሙይ። «አመዳዮ እናቲቱን ሰረቀን!»

በዚያው ቀን የአለቃ ዘሙይ ታናሽ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ሽቱ፣ ውኃ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ድምፅ አጣች። ታላቅ እህቷ ማርዳ እጇን ስትይዛት እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዘባት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሽቱን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት ማርዳ ናት። ጊዜ አላጠፋችም፤ ወደ ቤተ መንግሥት ገብታ በንግሥቲቱ ፊት ተንበረከከች።

«ግርማዊት ሆይ፣ እህቴ ሰባት ቀን አላት። ቁር አምባ እወጣለሁ። እናቲቱን ሳልይዝ ብመለስ ጋን ይድረቅብኝ፤ ስሜን የሚጠራ አይኑር!»

«ልጄ፣» አሉ ንግሥቲቱ፣ «ከዚያ የተመለሰ ሰው አላየሁም። ግን ድምፃቸውን ያጡት የሌሎቹም ልጆች እናቶች ደጄ ላይ ተኝተዋልና ሂጂ አልልሽም፣ ቅሪ ለማለትም አፍ የለኝም። ጋሻ ጃግሬዬን ጎሽሜን ውሰጂ።»

ጎሽሜ በአዳራሽ ውስጥ ሲፎክር ግድግዳው የሚንቀጠቀጥለት ሰው ነው። ወዲያው ጦሩን እየሰበቀ ተነሣ፤

«እኔ ጎሽሜ ነኝ፣ ጦሬ የማይመለስ፣
ተራራ የሚንድ፣ ደመና የሚያፈርስ!»

ደመና የሚያፈርሰው ጀግና ከከተማው በር ሲወጣ የመጀመሪያው ጉም ፊቱን ቢነካው ጸጥ አለ። ሦስተኛው መንገደኛ ማንም ያልጠራቸው አለቃ ዘሙይ ነበሩ። «እኔም እሄዳለሁ» ብለው የማር ማሰሮና ባዶ ቅል አንግተው ተከተሉ። ማርዳ ለሽቱ ሲሉ መሰላት።

ሦስት ቀን ወጡ። አፋቸውን ከአምና በተረፈች፣ ለአንድ ዋንጫ እንኳ በማትበቃ የኮምጣጤ ጭላጭ በነከሩት ጨርቅ ሸፍነው በጥቅሻ ብቻ ይነጋገሩ ነበር፤ አመዳዮ ትንፋሽ ይከተላልና። በሁለተኛው ቀን በአንዲት መንደር አለፉ። ሰዎቹ በየደጃፋቸው ተቀምጠዋል። አንዲት ሴት ጭልፋ ይዛ ወደ እነሱ ታያለች። ማርዳ እጅ ነሣቻት፤ ሴትዮዋ አልመለሰችም። በሽፋሽፍቷ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ነበር። የማርዳ አባት መንገድ ዳር ተቀምጠው አለቀሱ። ያን ያህል ልቅሶ ለማያውቁት መንደር ምን አመጣው ብላ ገረማት።

በሦስተኛው ቀን በእኩለ ቀን ከዋሻው አፍ ደረሱ። በውስጡ አንድ ነጭ ነገር እንደተሰቀለ ቆዳ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ፊት የለውም፤ ጉም የሚተፋ አፍ ብቻ ነው።

«ማርዳዬ፣ መጣሽ?» አለ።

የሽቱ ድምፅ ነበር። ማርዳ ከመፍራቷ የተነሣ ስሟን እንኳ የረሳች መሰላት።

«እናቲቱን መልስ!» አለች እንደ ምንም።

«እኔ ትንፋሽ እንጂ ኮምጣጤ አልሰርቅም፤ ኮምጣጤ ያቃጥለኛል» አለ አውሬው በዚያው በልጅ ድምፅ። «አባዬን ጠይቂዋ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አለቃ ዘሙይ የአፋቸውን ጨርቅ ፈቱ።

«ማሩ በብርዱ ጠጥሮ ነበር» አሉ። «ንግሥቲቱ ቶሎ በል አሉኝ፤ ሕዝቡም በር ላይ ተሰልፎ ቶሎ በል አለኝ። በእሳት አቀለጥሁት። እስኪበርድ ሳልጠብቅ ጋኑ ውስጥ ገለበጥሁት። እናቲቱ በዓይኔ ፊት ተጨማደደች፤ ኮምጣጤውም አብሯት ተበላሸ። አውጥቼ ደጃፉ ሥር ቀበርኋት፤ ንቦቹ የረገፉት እሷው ላይ ነው።»

የጋኑ ሕግ ሦስት ነው፤ ማር እሳት አይይ፣ ጋን አይራቆት፣ እጅ አይቸኩል። ማርዳ ሕጉን የተማረችው ከኚሁ ሰው ጉልበት ላይ ተቀምጣ ነበር። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እያሉ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በዚያች ቅጽበት ጠላቻቸው፤ ከልቧ ጠላቻቸው።

«ታዲያ ሰረቀን ብለው እዚህ ድረስ ለምን አመጡን?» አለች እያለቀሰች።

«ከበስተኋላው እዪ» አሉ አባቷ።

ከአውሬው ጀርባ፣ ከዋሻው ጥግ፣ አንድ አሮጌ ጋን ቆሟል። የመጀመሪያዋ ጠባቂ የእመት ጌራ ጋን ነበር። አመዳዮ ሊቀርበው አይችልም፤ ሰውም እንዳይደርስበት መንገዱን ዘግቶ ይጠብቀዋል።

«አውሬው በአንድ ጊዜ የሚጠጣው የአንድ ሰው ትንፋሽ ነው» አሉ አለቃ ዘሙይ፤ ቅሉንም ሰጧት። «የእኔ እስኪያልቅ መንገዱ ክፍት ነው።»

ጎሽሜ ያን ጊዜ በሕይወቱ የመጀመሪያውን አጭር ንግግር ተናገረ። «አለቃ፣ እኔ ልግባ።»

«አንተ ጦር ይዘሃል፣ ልጄ። እኔ ጥፋት ይዣለሁ።»

ወደ አውሬው አፍ ቀጥ ብለው ሄዱ፤ እየሄዱም ሕጉን ጮክ ብለው ይደግሙ ጀመር። ማርዳ በጎናቸው ሮጠች። ቅሉን አሮጌው ጋን ውስጥ ነከረች፤ ስስ፣ ለስላሳ፣ ሕያው ነገር ከኮምጣጤው ጋር ሲገባ እጇ ላይ ተሰማት። «ማር እሳት አይይ» ይላሉ አባቷ በስተኋላዋ። ከጋኑ አፍ ቅሉን አወጣች። «ጋን አይራቆት።» ድምፃቸው ቀጠነ። ስትመለስ፣ «እጅ አይ...» ብለው ቀሩ።

ጎሽሜ ከቅሉ የፈሰሰው ኮምጣጤ ውስጥ ጦሩን ነክሮ ወረወረ። አመዳዮ በሺህ ድምፅ ጮኾ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። አልሞተም፤ ብርድ አይሞትም። አለቃ ዘሙይ ግን ዓይናቸውን እንደገለጡ ተቀምጠው ነበር። ማርዳ ጋቢዋን አልብሳቸው፣ የማር ማሰሮውን ከጎናቸው አንሥታ፣ ወደ ኋላዋ ሳታይ ወረደች።

ቤቷ የደረሱት በሰባተኛው ቀን ማለዳ ነው። ንጣቱ ከሽቱ ጣቶች እስከ ክንዷ ደርሷል። ማሩ በመንገድ ብርድ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

«እሳት አንድዱ! ማሩን አቅልጡት፣ ልጅቷ ሄደች!» ብለው ጮኹ ጎረቤቶቹ፤ አንዷም ፍም ይዛ መጣች።

ማርዳ ፍሙን አየች፤ እህቷን አየች። እሺ ለማለት አፏን ከፍታ ነበር። ያን ጊዜ አባቷን ምን እንዳሸነፋቸው ገባት፤ ጥላቻዋም እዚያው ከሰመ።

«እሳቱን አርቁልኝ» አለች።

ማሰሮውን ቀሚሷ ውስጥ አስገብታ በደረቷ አቅፋ ከሽቱ አጠገብ ተቀመጠች። ብርዱ አጥንቷ ድረስ ገባ። የእህቷ ትንፋሽ እየተራራቀ ሲሄድ ትቆጥር ነበር፤ አንዳንዴ የሚቀጥለው የማይመጣ እየመሰላት የራሷን ትይዛለች። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ ማሩ ላላ። ከኮምጣጤውና ከቅጠሉ ጋር ለወሰችው፤ እናቲቱን ሳትነካ፣ ሳትቸኩል። ሽቱ አፍ ላይ በማንኪያ አንጠባጠበችላት።

ሽቱ ሳለች። ፊቷን አጨማደደች።

«ይኮመጥጣል» አለች በራሷ ድምፅ። ከዚያም ቤቱን ዙሪያውን አየችና፣ «አባዬስ?» አለች።

ማርዳ አልዋሸቻትም። ጥፋቱንም፣ ዋሻውንም፣ አባታቸው ሕጉን እስከ የት ድረስ እንደተናገሩና የት ላይ እንደቆሙም ነገረቻት። ለሌሎቹም ልጆች እንዲሁ ለውሳ አደለችና ቀጥላ ለንግሥቲቱ ነገረች፤ ንግሥቲቱም «ቶሎ በል ያልሁት እኔ ነኝ» ብለው ዘውዳቸውን አውልቀው አለቀሱ።

ዛሬ አዲሲቱ እናቲቱ በጋኑ ላይ ትንሳፈፋለች፤ ቤተ ጋኑን የምትጠብቀው ማርዳ ናት። ውርጭ ሲገባ ማሩን በደረቷ አቅፋ በደጃፉ ትቀመጣለች። ሕዝቡ ዋንጫውን ይዞ፣ ጉሙ ከተራራው ሲወርድ እያየ፣ እየፈራ ይሰለፋል። ማንም ግን «ቶሎ በይ» አይላትም።