አሥራ ሁለተኛው ቤት

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የተወለድሽው?» አለች ኢልሀም ዐይኗን ከስልኳ ሳታነሣ።

አማከለች ግራ ገባት። «ሰዓቱን እንኳ አላውቅም። እናቴ ከብት ሲሰማራ ነው ትላለች።»

ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ፣ ነፋስ በማይደርስበት ግድግዳ ሥር ተጠጋግተው የቆሙት ሴቶች ልጆች በሳቅ ፍርስ አሉ።

«ስልኩ ከብት አያውቅም፣ የኔ ፋራ!» አለች ጥሩሸዋ። «በቁጥር ንገሪን።»

«እንግዲህ... ሁለት ሰዓት ገደማ ይሆናል።»

ኢልሀም ሁለት ሰዓት ብላ ጻፈች። የልደት ቀኑን ቀደም ብላ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይራዋለች። በዚህ በጣም ትኮራለች፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይሳሳት ነበር። ስልኩ ጥቂት አሰበና እንደ ድፎ ዳቦ በአሥራ ሁለት የተቆረሰ ክብ አወጣ።

ይህን ኮከብ ቆጠራ የተማረችው ክረምቱን ሙሉ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ነው። እያንዳንዱ ቁራሽ ቤት ይባላል፤ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ማርስና ሌሎቹም በየቤቱ ይገባሉ። የመጀመሪያው ቤት ራስሽ ነሽ፤ ሁለተኛው ሀብትሽ፣ አራተኛው እናት አባትሽ፣ ሰባተኛው ትዳርሽ። ቤቶቹን የሚያስቀምጣቸው የትውልድ ሰዓት ነው። አንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ሰዎች እንኳ ሰዓታቸው ከተለያየ ቤታቸው ይለያያል።

ዘጠነኛ ክፍል እያለች ኢልሀምን ማንም አያውቃትም ነበር። መሐል ሜዳ ከተማ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጠው የጣሂር ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ለቡድን ሥራ የምትመረጠው መጨረሻ ላይ። አሥረኛ ክፍል ስትገባ ለጥሩሸዋ የሰባተኛ ቤቷን አነበበችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እረፍት በተደወለ ቁጥር የሚከቧት አይጠፉም። አባቷ ይህን ቢሰማ ስልኩን በድንጋይ እንደሚፈጨው ታውቃለች። ቢሆንም መተው አልቻለችም።

ዛሬ ግን ነገሩ ቀዝቅዟል። ከአማከለች በፊት ያነበበችላቸው ሁለቱ ልጆች ቤታቸው ሁሉ ሰላም ሆኖባት የምትለውን አጥታ ነበር። አንዳንዶቹ ወደ ሜዳው መሄድ ጀምረዋል።

አማከለች በጉጉት አንገቷን አሰገገች። ከሞላሌ ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጣችው፤ ከወለተ ኢየሱስ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማራለች። ወለተ ኢየሱስ የቄስ ልጅ ናት፤ የሁለቱም ወላጆች ያንድ ደብር ሰዎች ናቸው።

«ማርስ አሥራ ሁለተኛ ቤትሽ ውስጥ ነው» አለች ኢልሀም።

«ምን ማለት ነው?»

ቻናሉ ስለ አሥራ ሁለተኛው ቤት ብዙ ይላል። ብቸኝነት፣ እንቅልፍ፣ ጸሎት፣ ሕመም፣ የተሰወረ ነገር። ኢልሀም ሁሉንም ታውቀዋለች። ጸሎት ብትል አማከለች ደስ ይላት ነበር። ግን ማንም አይስቅም።

«ማርስ እጅ ነው» አለች ቀስ ብላ፣ የልጆቹን ፊት እያየች። «አሥራ ሁለተኛው ቤት ደግሞ ስውር ነው።»

ጥሩሸዋ አፏን በእጇ ያዘች። «የተሰወረ እጅ! ሌባ ናት በያ!»

ሄደው የነበሩት ሳይቀሩ እየሮጡ ተመለሱ። ኢልሀም «አይደለም» ማለት ትችል ነበር። ትከሻዋን ሰበቀች። «እኔ አላልኩም። ኮከቡ ነው ያለው።»

ሁሉም ሳቁ። አማከለች ጨዋታ መስሏት አብራቸው ሳቀች።

በዚያው ሳምንት የጥሩሸዋ ኤርፎን ጠፋ።

የሒሳብ መምህሩ የቀሩበት ክፍለ ጊዜ ነበር። ጥሩሸዋ ጠረጴዛዋን ገለበጠች፣ ቦርሳዋን አራገፈች፣ ከዚያ ቀና ብላ ወደ አማከለች አየች። ሌሎቹም እሷን ተከትለው አዩ። ስም የጠራ የለም።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች አማከለች።

«ቦርሳሽን ክፈቺው።»

«ለምን እከፍታለሁ?»

«ካልወሰድሽ ምን አስፈራሽ?»

ወንዶቹ ቦርሳውን ከእጇ ነጥቀው ወለሉ ላይ ዘረገፉት። ደብተሮች፣ ማበጠሪያ፣ በጨርቅ የተቋጠረ በሶ። ቋጠሮው ተፈታና በሶው ሲሚንቶው ላይ ተበተነ። ኤርፎን የለም።

«ሰው የሰረቀውን ይዞ ይዞራል እንዴ?» አለ አንዱ። «ሌባ እኮ ሞኝ አይደለም።»

አማከለች ተንበርክካ በሶውን በመዳፏ መሰብሰብ ጀመረች። አቧራ ተቀላቅሎበት ነበር፤ እሷ ግን ሰበሰበችው። አንድ ጊዜ ቀና ብላ ኢልሀምን አየቻት። የቁጣ አስተያየት አልነበረም። እንደምትጠይቃት ነበር፤ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ንገሪያቸው እንደማለት። ኢልሀም ደብተሯን ከፍታ የምታነብ መሰለች።

ከክፍል ሲወጡ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ወደ ኢልሀም ይጠቋቁሙ ነበር። «ያቺ ናት። አስቀድማ ነው የተናገረችው።» ኢልሀም ፊቷ ሲሞቅ ተሰማት። አልጠላችውም።

ወለተ ኢየሱስ አማከለችን ከኪራይ ክፍላቸው ያስወጣቻት በማግስቱ ነው። ባናዋን፣ ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብሷን ጠቅልላ፣ ከጀሪካኗ ጋር በሩ ላይ አስቀመጠችላት። «አባቴ ከሌባ ጋር እንዳታድሪ ብሎኛል» አለቻት። ይህን ስትል አባቷ ጋር እንኳን አልደወለችም። አማከለች አንዲት የሩቅ ዘመዷ ዘንድ ሄዳ፣ የማገዶ ክፍል ውስጥ እያደረች መማሯን ቀጠለች። ክፍል ውስጥ ስታልፍ ልጆቹ ቦርሳቸውን ወደ ጭናቸው ይስባሉ። አንድ ቀን ኢልሀምም ሳታስበው ሳበች። አማከለች አየቻት።

ቀጥሎ የሆነውን ከጥሩሸዋ ሌላ የምታውቀው ኢልሀም ብቻ ናት። ጥሩሸዋ ወደ ቤት ሲሄዱ ክንዷን ይዛ፣ በሳቅ እየታፈነች፣ ኤርፎኑን ከኪሷ አወጣችው።

«የወንድሜ ጃኬት ኪስ ውስጥ! አስቢው፣ እኔ ነኝ ለብሼው የነበርኩት!»

ኢልሀም ቆመች። «ታዲያ ልንገራቸዋ።»

«አብደሻል? ሼም ነው! እኔ ምን ልባል? አንቺስ? ማነው ከዚህ በኋላ የሚያምንሽ?» ጥሩሸዋ ክንዷን ጠበቅ አደረገች። «ደግሞ ኮከቧ ነው ብለሻል። ይሄን ባትሰርቅ ሌላ ትሰርቃለች።»

ኢልሀም ነገ እናገራለሁ ብላ አሰበች። ነገ ሲመጣ ደግሞ ለሌላ ነገ አስተላለፈችው። አማከለች ከፊት ለፊቷ ወንበር ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ የሹሩባዋን መጨረሻ እያየች ብዙ ቀን ዋለች። ከዚያ ወንበሩ ባዶ ሆነ፤ ወደ ገጠር ተመለሰች ተባለ።

የኢልሀም አክስት ራኒያ ሴት ልጅ ተገላገለች። ኢልሀም ከእናቷ ጋር ሆስፒታሉ ውስጥ ነበረች፤ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ እንደተወለደች ነርሷ ሕፃኗን ስታሳያቸው ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ የሕፃኗን ግንባር ስትነካ አይታለች። ማታ ቤት ስትገባ፣ ማንም ሳያያት፣ የሕፃኗን ክብ አወጣች።

ፀሐይ ከታች ነበረች።

ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ቻናሉ ይህን በግልጽ ያስተምራል፤ በቀን የተወለደ ሰው ፀሐዩ ክቡን አግድም ከሚከፍለው መስመር በላይ ነው፣ በሌሊት የተወለደ ከመስመሩ በታች። ሕፃኗ ግን የተወለደችው በጠዋት ፀሐይ ነው። ኢልሀም ቁጥሩን አፍጥጣ አየችው። ሦስት ሰዓት። ስልኩ ሦስት ሰዓት ሲባል የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፤ የሌሊቱን፣ እኛ ዘጠኝ የምንለውን። ቀኑን መቀየር ያልረሳች ልጅ ሰዓቱን ረስታለች። ለአንዷ ብቻ አይደለም፤ ለሁሉም።

የአማከለችን ክብ አወጣች። ከብት ሲሰማራ። ሁለት ሰዓት የሚለውን አጥፍታ ስምንት አደረገችው። ክቡ ዞረ። ማርስ አሥራ ሁለተኛውን ቤት ለቆ ዘጠነኛው ላይ አረፈ። ዘጠነኛው ቤት የትምህርትና የሩቅ መንገድ ነው።

መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። ስሕተቱ የሰዓት ነው። ሰዓት ደግሞ ማንንም ያሳስታል። ሄዳ ይህን ትነግራታለች፤ ሁሉም ይስተካከላል። እያሰበች ተኛች፤ እንቅልፍም ወሰዳት።

ቅዳሜ አማከለች የቀሯትን ዕቃዎች ልትወስድ እንደመጣች ሰማችና ወደ መናኸሪያው ሮጠች። ገበያ ስለነበረ ሰው ይጋፋል። አማከለች የተጠቀለለ ባናዋን ታቅፋ ወደ ሞላሌ የሚሄደው ሚኒባስ አጠገብ ቆማ ነበር። ከንፈሯ በብርዱ ተሰነጣጥቋል። ኢልሀምን ስታይ አልሸሸችም።

«ልጠይቅሽ ስፈልግ ነበር» አለች አማከለች ቀድማ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ልጅ ሆኜ ከጎረቤት ዕንቁላል ወስጃለሁ። አንድ ጊዜ ነው። ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። አንቺ ግን አየሽው።»

«አማከለች...»

«ኤርፎኑን አልወሰድኩም። ማለት፣ እንደወሰድኩ አላስታውስም። ግን ሳላውቀው ወስጄ ይሆን እንዴ እያልኩ ዕቃዬን ስንቴ ፈተሽኩ። ዘመዴ ቤት እጄን ብርድ ልብሱ ውስጥ ጠቅልዬ ነበር የምተኛው።»

ኢልሀም ያዘጋጀችውን ንግግር ቶሎ ብላ ጀመረች። «የሰዓት ስሕተት ነበር። የኛንና የፈረንጁን ሰዓት አምታትቼ ነው። ማርስ አሥራ ሁለተኛው ቤት አይደለም ያለው።»

የአማከለች ፊት በአንድ ጊዜ በራ። ባናውን መሬት ጥላ የኢልሀምን እጅ ያዘች። «ታዲያ የት ነው? ምን ይላል?»

«ዘጠነኛው ላይ ነው። ዘጠነኛው...»

ትምህርት ልትል ነበር። ሩቅ ትሄጃለሽ፣ ትልቅ ሰው ትሆኛለሽ ልትል ነበር፤ አማከለች ሁሉንም እንደምታምናት ከዐይኗ ታያለች። ሌባ ስትባል ያመነችውን ያህል ታምናለች። ኢልሀም ስልኩን ወደ ኪሷ መለሰችው።

«ሌባ የሚል የትም የለም» አለች። «እዚያም አልነበረም፣ እዚህም የለም። ቻናሉ ጸሎትም ይላል፣ እንቅልፍም ይላል። የመረጥኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ ሊሄዱብኝ ስለነበር፣ እንዲስቁ ብዬ።»

አማከለች እጇን አልለቀቀችም። የሰማችው አልገባትም መሰል።

«ኤርፎኑም ተገኝቷል። ጥሩሸዋ ቤት ነበር።»

«መቼ ተገኘ?»

«ቦርሳሽ በተፈተሸ በሳምንቱ።»

«ያኔ እማር ነበር እኮ» አለች አማከለች። «ፊት ለፊትሽ ነበር የምቀመጠው።»

«አዎ።»

አሁን እጇን ለቀቀች። ጎንበስ ብላ ባናዋን አነሣች፤ አፈር የነካውን ጥግ በእጅጌዋ ጠረገች። ስትናገር አልጮኸችም።

«ኮከቡ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

«ሞላሌ! ሞላሌ የሞላ!» ረዳቱ የሚኒባሱን በር ደበደበ።

«ሰኞ ተመለሺ» አለች ኢልሀም። «እኔ እነግራቸዋለሁ። ተመለሺ፣ በአላህ።»

«አባቴ በቃሽ ብሏል። ሌላ ኪራይ ከየት ያመጣል?» አማከለች እግሯን ደረጃው ላይ አደረገች። «ባትመጪ ኖሮ ጥሩ ነበር።» ወደ ኋላ ወንበር ሄዳ፣ ባናውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደዚያኛው መስኮት አዞረች። ሚኒባሱ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። እጅ ያወዛወዘ የለም።

ሰኞ እረፍት ተደወለ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ልጆቹ ተሰብስበዋል፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመጡ ሁለት እንግዶችም አሉ። ወለተ ኢየሱስ ቆሎ ታድላለች።

«መጣች!» አለች ጥሩሸዋ፤ ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብላ አጠገቧ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «ነይ ቁጭ በይ። እነዚህ እህቶች ከጧት ጀምረው ሲጠብቁሽ ነው። የሰባተኛ ቤት ጉዳይ ነው፣ በደንብ አንብቢላቸው።»

ኢልሀም ቆማ ቀረች።

«ምን ሆነሻል?»

ኢልሀም ጥሩሸዋን አየቻት። ጥሩሸዋ ልትናገር መሆኑን ከፊቷ አነበበች፤ ፈገግታዋ ጠፋ፣ ጭንቅላቷን በጣም በትንሹ፣ ሌላ ሰው በማያየው መጠን፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ኢልሀም ከሷ ላይ ዐይኗን አነሣች።

«ወለተ ኢየሱስ» አለች፤ «ቆሎውን አስቀምጪውና ስሚኝ።»