ጥላ የሌለው መግሪብ

ሙህዲን ፎቶ አንሺው በጓሮው የድንጋይ ደረጃ ሥር ሞቶ የተገኘው በኅዳር፣ የመግሪብ፣ የጀንበር መጥለቂያው ሶላት ካለፈ በኋላ ነው። አዲሱ ዲጂታል ካሜራው ከጎኑ ወድቋል። ያገኘችው ሚስቱ ኢልሃም ነበረች። በማግስቱ ግን የግቢው በር ላይ ፖሊስ ቆመ፤ ኢልሃም በገዛ ቤቷ እስረኛ ሆነች።

ያሰራት የካሜራው የመጨረሻ ፎቶ ነው። ሙህዲን ደረጃው ራስ ላይ ቆሟል፤ ምስሉ ጨልሟል፤ ጥጉ ላይ «6:20» ይላል። በፈረንጅ አቆጣጠር ካሉት፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ሐኪሙም የሞተበትን ሰዓት መለየት አልቻለም።

ዋና ሳጅን ሙሀመድኑር ከመናገር ማዳመጥ የሚቀናው ሰው ነው። «ነጋ ቡልቴ?» አላት በኦሮምኛ፣ በሰላም አደርሽ ወይ ለማለት።

«ግድግዳው እየጠበበኝ ነው ያደርኩት። ከጨፋ፣ ከእናቴ ዘንድ የተመለስኩት በአሥር ሰዓት ነው። ሙህዲን ወጥቷል ብዬ ነበር። ሲመሽ ልብስ ላስገባ ጓሮ ስሄድ…»

«ካሜራው እንዴት ነበር?»

«ሦስት ቀን ፎቶው እየጨለመ አስቸገረው። ያስተካክለዋል፤ ተመልሶ ይጨልማል። ‹ጂን ሰፍሮበታል› እያለ ይስቅ ነበር።»

የግቢው ሌላ ቁልፍ ያለው ነጂብ ነው፤ ሃያ ዓመት ከሙህዲን ጋር ፊልም ሲያጥብ የኖረ ሸሪኩ። «ያን ዕለት ሰንበቴ ከተማ ነበርኩ» አለ። «እኔ የፊልም ሰው ነኝ። ያን አሻንጉሊት ይዤውም አላውቅ።»

የሙህዲን ጎረቤት ልብስ ሰፊው ጣሃ ደግሞ «ያን ዕለት የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ መስጊድ ካንተው ጎን ሰገድኩ፤ ከዚያ እስከ ማታ ሱቄ ነበርኩ» አለ።

«አዎ፤ ስታስነጥስ ነበር» አለ ሳጅኑ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከዙሁር በኋላ፣ ሳጅኑ ሁሉንም ጓሮው ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ካሜራው ደህና ከሆነ ፎቶው የምሽት ነው፤ ኢልሃም ከኔ ጋር ጣቢያ ትሄዳለች። ከታመመ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጣሃ፣ እስቲ አንሳት።»

ጣሃ አነሳት። በጠራራ ፀሐይ የቆመችው ኢልሃም፣ ምስሏ ጨለማ ውስጥ ገባ።

«ልብስ ሰፊ ምን ያውቃል፤ አምጣ» አለ ነጂብ። አውራ ጣቱ ሳይፈልግ አንዲት ቁልፍ አገኘ፤ ሁለት እርከን ተቀንሶ የነበረውን ብርሃን ወደ ዜሮ መለሰው። አነሳት። ኢልሃም ፍንትው ብላ ወጣች። «ይኸው፤ ደህና ነው።»

«ይዘኸው አታውቅም ነበር» አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ። «ጣትህ ግን መንገዱን ያውቃል።»

ነጂብ ካሜራውን ቶሎ ለጣሃ አቀበለ፤ ሳጅኑ ቀጠለ።

«አሁን ሰባት ሰዓት ከአምስት ነው። ካሜራውንም እዩት፤ 7:05 ይላል። ሙህዲን ሰዓቱን የሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ 6:20 ቀትር ነው። እናንተ ፎቶው ላይ ፊቱን ፈለጋችሁ፤ እኔ እግሩን አየሁ። ያደግኩት የመስጊድ አዛን በማይሰማበት ማሳ ነው፤ ዱላ ተክለን ሰዓቱን በጥላው እየለየን ነበር የምንሰግድ። መግሪብ ጥላ የለውም። ሙህዲን ግን ጥላ አለው፣ አጭር። ያ ዙሁር ነው። ኢልሃም ጨፋ ነበረች፤ ጣሃ ከጎኔ። ጨለማውን የሠራው ጂን ቁልፍ ያለው ጂን ነው።»

«ያጨለምኩት ካሜራውን ለገዛበት ነጋዴ እንዲመልሰው ብዬ ነው» አለ ነጂብ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ፊልም ማጠቢያዬን ሊዘጋው ነበር። ‹እስቲ አንሳኝ› አለኝ፤ ሳነሳው ጣቴ ወደዚያች ቁልፍ ስትሄድ አየ። ‹ለካ ጂኑ አንተ ነህ› ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ገፋሁት።»

«ኢና ሊላሂ» አለ ጣሃ።

ነጂብን ሲወስዱት በሩ ላይ የነበረው ፖሊስም አብሮ ሄደ፤ በሩ ተከፍቶ ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ ያ በር እንዲከፈት ስትለምን የነበረችው ኢልሃም ግን አልወጣችም። ደረጃው ራስ ላይ፣ ባሏ በቆመበት ድንጋይ ላይ ቆመች። ጥላዋ ከእግሯ ሥር ነበር። ባሏ ብቻውን ወድቆ የዋለበት ሰዓት እስኪያልፍ፣ ጥላዋ እስኪረዝም ጠበቀች።