ቆጣሪው ያልቆጠረው ቅዳሜ

ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ሰባት የኢንሹራንስ ድርጅቶች መልሰውታል። አንዳንዶቹ ሳቁበት፤ ሌሎቹ ለኢንሹራንሱ የመኪናዋን ዋጋ ግማሽ የሚያህል ጠሩበት። እኛ ስምንተኛ ነበርን። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ጣጣ ሲመጣ የምላክ የመኪና መርማሪ ነበርኩ።

ጋራዡ ስደርስ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ነበር። የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው።

«ከኢንሹራንስ ነው የመጣሁት» አልኩ ለጫማው።

ተንፏቆ ወጣና እጁን በጨርቅ ጠረገ። መኪናዋ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ ሲፈታት ሲገጥማት ኖሯል። በዚሁ የተነሳ የጋራዡ ሰዎች «ኤሊው» ይሉታል። ያን የሚያህል ፈጣን መኪና የሚሠራ ኤሊ! ስሙን ስሰማ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

«ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ የተቀየረውን ሁሉ ይንገሩኝ» አልኩት ቅጼን አውጥቼ።

ሰው የሚዋሸው እዚህ ላይ ነው። ቱርቦ ያስገጠመው «ማጣሪያ ብቻ ነው የቀየርኩት» ይለኛል፤ ሞተር የቀየረው «ስገዛት እንዲህ ነበረች» ብሎ ይምላል። እሱ ግን ከኮፈኑ እስከ ኋላ መብራቷ አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ሞተሩ፣ ቱርቦው፣ ፍሬኑ፣ ሞላው፣ ማርሚታው፣ በድምሩ አሥራ ዘጠኝ ነገር። ልወጣ ስል ከበር መለሰኝና ረስቷት የነበረችውን የመሪ ማቀፊያ ጨመረልኝ።

«ይህን ሁሉ ከጻፍኩማ ዋጋው ሰማይ ነው የሚነካው» አልኩት።

«ታዲያ ልዋሽዎት?»

እኔን የጣለችኝ ይህች ጥያቄ ናት። መልኩ አይደለም፤ መልክማ ስንት አይቻለሁ። በዚያ ሥራ ስምንት ዓመት ስቆይ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ሦስት ቀን የድርጅታችንን ደንብ ሳገላብጥ ከረምኩ። መጨረሻ ላይ ማንም የማያነበው ገጽ ላይ አገኘሁት። በዓመት ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በታች ለሚነዳ መኪና፣ የተቀየረም ቢሆን፣ ዋጋው ወደ ሲሶ ይወርዳል። አንድ ግዴታ ብቻ አለው። መርማሪ በየሦስት ወሩ እየሄደ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ያነባል።

«ከሁለት ሺህ በታች ይበቃዎታል?»

«ለእሁድ ብቻ ናት» አለኝ። «ኢንሹራንስ ካጣሁ ባገኘሁት ዋጋ ልሸጣት ነበር። ምን ብዬ ላመስግንዎት?»

«እንዳያሳፍሩኝ ብቻ» አልኩት።

የመጀመሪያው ንባብ አምስት ደቂቃ ፈጀ፤ እኔ ግን ሁለት ሰዓት ቆየሁ። በርሜል ላይ ተቀምጬ እሱ ሲሠራ አያለሁ። እሱም ቀና ይልና ያየኛል።

«እርስዎ መባባሉ እስከ መቼ ነው?» አለኝ ድንገት።

«ውሉ እስኪያልቅ።»

ውሉ የአንድ ዓመት ነበር። እኔ ግን ሳምንትም አልቆየሁ፤ አንተ አልኩት።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ከመክተፊያው ቀና አላለችም። «አንቺ ልጅ፣ በጣውንት ላይ እየገባሽ ነው» አለችኝ። «ያውም በቀይ ጣውንት!»

«እማዬ ደግሞ! መኪና እኮ ናት።»

«ስድስት ዓመት አብራው ኖራለቻ። አንቺ ስንት ወርሽ ነው?»

ሳቅኩኝ። ያኔ ምኑም ምኑም ያስቀኝ ነበር።

ከሁለተኛው ንባብ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤታችን በር ላይ መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። ከከተማው ዘጠና አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ሐይቅ ወሰደኝ። መስኮቱን ከፍተን፣ ፀጉሬ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ እየጮህን ነበር የምናወራው። ሐይቁ ዳር ሞተሩን አጠፋው።

«እዚህች ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦባት አያውቅም» አለኝ የተቀመጥኩባትን እያሳየኝ።

«ለምን?»

«ማንን ላምን?» አለና ወደ ውኃው ዞረ። ቆይቶ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «እወድሻለሁ» አለኝ።

«እኔም» አልኩት። እኔም ውኃውን እያየሁ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን አሁንም አልክድም።

ሦስተኛው ንባብ ማክሰኞ ላይ ዋለ፤ ዝናብ ነበር። ቁልፉን ሰጥቶኝ ሻይ ሊያመጣ ሄደ። መሪው ጋ ተቀምጬ ቁልፉን አዞርኩ፤ ቁጥሩን ጻፍኩ፤ እንደ ልማዴ ያለፈውን ንባብ ከእሱ ላይ ቀነስኩ። መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር።

ደግሜ ቀነስኩ። ያው ነው።

ሐይቁ ደርሶ መልስ ብቻ መቶ ዘጠና ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔ መሰለኝ። የሁለተኛውን ንባብ ወረቀት አወጣሁ፣ ፊርማዬን አየሁ፣ ቀኑን አየሁ። ሁለት ብርጭቆ ይዞ መጣ።

«ሐይቁ የት ሄደ?» አልኩት።

«የቱ ሐይቅ?» አለ እየሳቀ። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየ፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

ብርጭቆዎቹን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ከዳሽቦርዱ ሥር እጁን ሰደደና የቆጣሪውን ቀጭን ሽቦ አወጣ። ጫፏ የተነቀለ ነው።

«መቼ ነው የነቀልካት?»

«ብዙ ጊዜ ነው የምነቅላት። ዓርብ ዓርብ ከከተማ ወጣ ብዬ እነዳለሁ። በሁለት ሺህ መኖር አልቻልኩም።»

«የሐይቁን ቀን ነው የጠየቅኩህ።»

ሽቦዋን ጣቱ ላይ ጠመጠማት።

«ከመንገድ ላይ ነው? ነዳጅ ስትቀዳ?»

«ጠዋት ነው» አለ። «ወደ ቤትሽ ከመምጣቴ በፊት።»

ወደ እኔ ሊመጣ ልብሱን ቀይሮ፣ ያንን ቃል ሊነግረኝ እያሰበ፣ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ሽቦ ነቅሏል ማለት ነው።

«የማላይ መሰለህ?»

«ሌላ መርማሪ ቢሆን አልደፍርም ነበር» አለኝ። እውነቱን እየተናገረ ነበር፤ የገደለኝም እሱ ነው። «ሌላው ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ ያያል። አንቺ ቁጥሩን ታነቢና... ፈገግ ትያለሽ።»

አሥራ ዘጠኙን ነገር ከነማቀፊያው ሲቆጥርልኝ ያመንኩት ሰው፣ እምነቴን እንደ አንድ ዕቃ ገጥሞ ሲነዳባት ከርሟል። አልቅሼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቅጹን አጣጥፌ በዝናቡ ወጣሁ። ከኋላዬ ጠራኝ፤ አልዞርኩም።

እናቴ ፊቴን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም። ማታ ራት ላይ ብቻ፣ «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለችና ድርሻዋን ወደ እኔ ሳህን ገፋችው።

በማግስቱ ሪፖርቱን ጻፍኩ። «ጥሰቱ እንዴት ታወቀ?» ከሚለው ሥር፣ «በተጠቀሰው ቅዳሜ መቶ ዘጠና ኪሎ ሜትር ተነድቷል፤ እኔ ራሴ በመኪናው ውስጥ ነበርኩ» ብዬ አሰፈርኩ።

የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሰርዣት። ሽቦው ተነቅሎ ተገኘ ማለት ይበቃል።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«መርማሪ ከደንበኛ ጋር እንዲህ ከሆነ ደንቡ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። ለሰውየው ብለሽ ነው?»

«ለእሱ ብዬ አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ራስሽን የምታስበዪው?»

ሪፖርቱን ወደ እሳቸው መልሼ ገፋሁት።

«ያ ቀን ቆጣሪው ላይ የለም» አልኳቸው። «እዚህም ከተሰረዘ የትም አልነበረም ማለት ነው። እኔ ግን ነበርኩ።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ፈረሙበት።

የእሱ ውል ተሰረዘ። እኔም ከመርማሪነት ተነስቼ ስልክ ላይ ተመደብኩ። ሰው ይደውላል፤ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ዋጋ እነግራለሁ። ሥራው አይከብድም፤ ወንበሩ ነው የሚከብደው።

በአራተኛው ወር አንድ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ለስፖርት መኪና ዋጋ ፈልጌ ነበር። የተቀየረች ናት። ሌሎቹ ሁሉ...» ድምፁ ቆመ። «አንቺ ነሽ?»

ማዳመጫውን ማውለቅ እችል ነበር። አላወለቅኩትም።

«ከዚህ በፊት ኢንሹራንስ ተሰርዞብዎት ያውቃል?» አልኩት።

እርስዎ ስለው ትንፋሹን ሰማሁ።

«አዎ።»

«በምን ምክንያት?»

ከበስተጀርባው የጋራዡ መዶሻ ብረት ሲመታ ይሰማል።

«የሄድኩበትን አልሄድኩም ብዬ።»

እንዳለው ጻፍኩት። ከዚያ ዋጋውን ነገርኩት፤ ያለ ገደብ፣ ያለ ቅናሽ፣ ሙሉውን። ለአንድ ጋራዥ ሠራተኛ ከባድ ነበር።

«እከፍላለሁ» አለ። «ትርፍ ሰዓት እየሠራሁ ነው። ሽቦውንም በይዤዋለሁ፤ አሁን ብፈልግም አትነቀልም።»

«ከመዋዋላችን በፊት መርማሪ መጥቶ ያያታል።»

«አንቺ ትመጪያለሽ?»

ልቤ እሄዳለሁ አለ። አላፍርበትም፤ እንዲያ ነው ያለው። ዓይኔን ጨፍኜ እስኪያልፍልኝ ጠበቅኩ።

«ሌላ ሰው ነው የሚመጣው» አልኩት። «ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ የሚያይ።»