ጃንዋሪ ሃያ ዘጠኝ

የአቶ ሙላቴ አስከሬን የተገኘው ማለዳ፣ ከርብ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጽሕፈት ቤት ጓሮ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ሥር ነው። ከጉና የወረደው ጉም ደብረ ታቦርን ውጧታል፤ ኢንስፔክተር አበራሽ ስትደርስ ከሦስት እርምጃ ወዲያ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሟቹ ለውጭ ረጂዎች የሚላኩ የጥናት ዕቅዶችን በጀት የሚመረምሩ፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማይጠፋ ሽማግሌ ነበሩ።

አበራሽ ጎንበስ ብላ አየች። የወደቁት የኋሊት ነው፤ ፊታቸው ከላይ ወደቆመ ሰው ዞሮ ነበር ማለት ነው። ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ገጽ አወጣች፤ ለረጂዎች ሊላክ የተዘጋጀ የአፈር ጥናት ዕቅድ የመስክ ሥራ ወጪ ነው። «ጃንዋሪ 29፣ ይፋግ፣ አሥራ ሁለት ገበሬዎች ማሳቸውን ሲቆፍሩ ናሙና ተወሰደ» የሚለው መስመር በእርሳስ ተከቧል። ገልብጣ ጀርባውን አነበበችና ኪሷ ከተተችው።

ፖሊሶቹ ይሻው የሚባለውን የመስክ ሠራተኛ በካቴና አስረው አቁመውታል። የቄስ ልጅ ነው። ትናንት ቀትር ላይ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል፤ ዛሬ እውነቱ ካልወጣ ወኅኒ መውረዱ ነው።

«ጋሽ ሙላቴ የመስክ ጫማዬን ከበጀቱ ሰርዘውብኝ ነው» አለ ይሻው። «በጫማ ሰው ይገደላል እንዴ፣ እትዬ?»

«ባነሰም ተገድሏል። ይፋግ ሄደህ ነበር?»

«እኔ አልሄድኩም። ዶክተር ብቻቸውን ሄጄ መጣሁ ብለዋል።»

ጸሐፊዋ ጽጌ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ይህን ገጽ መቼ አተምሽው?» አለቻት አበራሽ ከኪሷ አውጥታ።

«ትናንት አሥር ሰዓት። ትኩሱን ጋሽ ሙላቴ ወሰዱት፤ እኔም ወደ ቤቴ ገባሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ ሬሳው ሳይታይ፣ ዶክተር ሚልኪያስ ራሳቸው ያተሙትን ቅጂ አምጥተው ማህተም አስመቱኝ።»

የጥናቱ መሪ ዶክተር ሚልኪያስ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። «ሙላቴን ከትናንት ቀትር ወዲህ አላየሁትም። ዕቅዱ ዛሬ ካልተላከ የሦስት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ!»

አበራሽ ሦስቱንም በስብሰባ ክፍሉ ሰብስባ ሁለቱን ወረቀቶች፣ ከሟቹ ኪስ የወጣውንና ዛሬ ማህተም የተመታበትን፣ ጎን ለጎን ዘረጋች።

«ይሻው፣ ጃንዋሪ ሃያ ዘጠኝ በእኛ ስንት ነው?»

በታሰሩ ጣቶቹ ቆጠረ። «ጥር ሃያ አንድ... አስተርዮ ማርያም!»

«በዚያ ቀን ይፋግ ላይ መሬት የሚቆፍር አለ?»

«ኧረ የለም! እናቴስ እንኳን ዶማ መርፌም አታስነካ።»

«እንግዲያ ቀኑ ፈጠራ ነው። የቄስ ልጅ ቢዋሽ እንኳ ማርያምን አይመርጥም። በዓሉን የሳተው፣ ዕቅዱን በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሞላ የከረመ ሰው ነው።» ወደ ሚልኪያስ ዞረች። «የሐሰት ቀን መጻፍ መግደል አይደለም። ግን ዛሬ ማህተም ያስመቱበት ቅጂ ጃንዋሪ 30 ይላል። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ 29 ነበር፤ ስሕተቱን ያገኙት ከዚያ ወዲህ አቶ ሙላቴ ናቸው። ካላዩዋቸው ማን ነገረዎት?»

«እኔው... ራሴ ደረስኩበት።»

«ወሩን ሙሉ ያላዩትን፣ እሳቸው በሞቱበት ማታ?»

አበራሽ ከሟቹ ኪስ ያወጣችውን ገጽ ገልብጣ የጀርባውን ጽሑፍ አነበበችለት።

«ዶክተር፣ ማርያም ስለሆነች ይህቺን ቀን ያውጧት። ለማንም አልነገርኩም፣ አልናገርምም። ይፋግ አብረን ሄደን በደንብ እንሠራዋለን። ሙላቴ።»

ጽጌ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ካቴናው ከይሻው እጅ ወጥቶ ወደ ሚልኪያስ ሲሄድ፣ ሰውየው እጁን ራሱ ዘረጋ።

«‹ቀኑ ሐሰት ነው› ሲሉኝ ገፈተርኳቸው» አለ። «ቀሪውን አላስጨረስኳቸውም።»