ተራችን ሳይደርስ

«ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ያባታችሁ ፈቃድ...» አክስታቸው የድንበር ኬላው ሰልፍ ላይ ሆና ፋይሉን ለአምስተኛ ጊዜ አገላበጠች። አራተኛው ወረቀት ላይ ስትደርስ ግን ድምጿን ዋጥ አድርጋ በግልባጩ ሸጎጠችው።

ምን ታድርግ? ጩጬው ሰባት ዓመቱ ነው፤ ማንበብ ከለመደ ወዲህ የሳሙና ካርቶን እንኳ አያልፈውም። ያ ወረቀት ደግሞ የእናታቸው የሞት ምስክር ነው። ካረፈች ሁለት ወር አልፏል። ጩጬው የቀብሩን ዕለት ጎረቤት ዋለ፤ እስከ ዛሬም ሆስፒታል ተኝታለች ነው የሚባለው። ትልልቆቹ ተማክረው፣ ድንበሩን ሲሻገር ማዶ ያለው አባቱ ይንገረው አሉ። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት እህቱ ሚጡም አብራ ዋሸች። ከትምህርት ቤት ገብቶ «እማዬ ደወለች?» ባላት ቁጥር «ክፍል እያለህ ደውላ ነበር» ትለዋለች። ያኔ ራሷን ትጠላለች።

ሰልፉ ራመድ አለ። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ ከፊታቸው ወዳለችው ሕፃን ጎንበስ ብሎ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ከማን ጋር ነሽ? እማዬስ የት ናት?» ሲላት ሰሙ።

ሚጡ ክው አለች። «ልጆቹን ራሳቸውን ነው እንዴ የሚጠይቁት?»

«ጉድ ፈላ» አለች አክስቷ በሹክሹክታ። «ይሄ ልጅ ሆስፒታል ናት ካለ፣ ወረቀቱን ፎርጅድ ነው ብለው ይመልሱናል። ሂጂ አስጠኚው። እናቴ ሞታለች ይበል። ለወረቀቱ ነው፣ የውሸት ነው በይው።»

ሚጡ አየቻት። ክፋት አይደለም፣ ጨንቋት ነው፤ ቤቱን ለቀው ወጥተዋል፣ ቢመለሱ መግቢያ የላቸውም። ጩጬው እንደሆነ ማስመሰል ነፍሱ ነው። ሳቁን አፍኖ ይለዋል። ማዶ ሲደርስ ደግሞ አባቱ እውነት ነው ይለዋል።

«እንደሱ አልለውም።»

«ሚጡዬ፣ በናትሽ...» አለችና አክስቷ አፏን በእጇ ያዘች።

ሚጡ ወንድሟን ግድግዳው ጥግ ወዳለው አግዳሚ ወሰደችው። ጩጬው የተለጠፈውን ሁሉ ማንበብ ጀምሮ ነበር።

«ስማኝ እስኪ። እማዬ ሆስፒታል አይደለችም።»

«ወጣች?»

«አልወጣችም። ሞታለች። ጎረቤት የዋልክ ዕለት ነው የተቀበረችው።»

ጩጬው ጫማውን እያየ ጠየቃት። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ስትደውል የነበረውስ?»

«ደውላ አታውቅም። እኔ ነኝ የዋሸሁህ።»

እጁን ከእጇ መነጨቀ። ያኔ ነው እንባው የመጣው። ልታቅፈው ስትል ገፈተራት፤ ደግማ ስታቅፈው ዝም አላት። እሷም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እሱ ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር።

ተራቸው ደረሰ። አክስታቸው በእጇ ትጣራለች፣ ከኋላ ያሉት ያጉረመርማሉ።

«አሳልፊያቸው፣ አክስቴ» አለች ሚጡ። «እኛ ገና ነን።»