በምላስ የረጠበው ቴምብር

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። የቢቢ ሃርባንስን ነገር ቆሜ ልነግራችሁ አልችልም።

ሰውዬው ቴምብሩን ላሰው።

ነገሩ ከዚያ ጀመረ።

ከታርን ታራን ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጉርድዋራችን፣ በእኛ በሲኮች ጸሎት ቤት፣ የቅዱሱ የባባ ሱኽዳያል ፊት ያለበት መታሰቢያ ቴምብር የሚወጣበት ቀን ነበር። ግቢው በሰው ተጨናንቋል። ሰው ሲገባ የሚያወልቀውን ጫማ የሚጠብቀው አጃይብ፣ በምስጢር ስሙ «ጥላ»፣ የመንግሥት ሰላይ ነው። ትውልዱ ከእኛ ወገን አይደለም። ወጥ ቤት፣ ዱቄት ጆንያ ውስጥ ቦምብ መደበቁን ደርሶበታል። ፊቱን አይቶት የማያውቀው አለቃው «አጎት» ያዘዘው አጭር ነው፦

«ያገኘኸውን ጽፈህ፣ አዲሱን ቴምብር ለጥፈህ፣ ግቢው ውስጥ ያለው የፖስታ ሳጥን ውስጥ ጣል።»

ጠረጴዛው ላይ ቴምብር ለማርጠብ ጣት የሚነከርበት ውሃ ተቀምጧል። ከእኛ መሀል የባባን ፊት ምላሱ ላይ የሚያደርግ ማን አለ?

አጃይብ ቸኮለ፤ ቴምብሩን ልሶ ለጠፈና ፖስታውን ሳጥኑ ውስጥ ጣለ።

ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ የሚሸጠው ሰው ቀና አለ። «አንተ፣ ባባን ትልሳለህ?»

ቢቢ ሃርባንስ አጠገቡ ነበረች። ልጇ የሞተባት፣ የአጃይብን ጥምጥም ጠዋት ጠዋት የምትጠመጥምለት አሮጊት።

«ምን ታፈጣለህ? እኔ ነኝ ያስለመድኩት» አለችና ቴምብሯን አንስታ ላሰችው። በዕድሜዋ ሙሉ የባባን ምስል ሳትሳለም አልፋ አታውቅም።

«ቢቢ፣ አረጁ እንዴ?» አለ ሻጩ።

«አርጅቻለሁ። ላዱህ ግን ይበልጠኛል።»

ሰው ሳቀ። ሻጩ አልሳቀም።

ያኔ አንድ ግራጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው ሳጥኑን በቁልፍ ከፈተ። የአጃይብን ፖስታ መዝዞ ለሻጩ ሰጠው። ፖስታው እዚያ መኖሩን የሚያውቀው አጎት ብቻ ነው። ቴምብሩም ወጥመድ ነበር፤ እንግዳው ሰው በራሱ ምላስ እንዲያዝ።

አጎት ቦምቡን ለደበቁት ሰዎች ሸጦታል።

«ቢቢ፣ ዱቄቱ ውስጥ ቦምብ አለ» አላት አጃይብ በጆሮዋ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ይዘኸው ውጣ።»

«ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?»

«ጥምጥምህን መጠምጠም ከጀመርኩበት ቀን አንሥቶ፤ የእኛ ልጅ ራሱ ይጠመጥማል። ሂድ፣ ልጄ።»

ጆንያውን ተሸክሞ በጓሮ በር ወጣ። እሷ ቀጥ ብላ ወደ ሁለቱ ሰዎች ሄደች።

«ጽሑፉ የእኔ ነው» አለች። «እሱ ምስኪን ማንበብ እንኳ አይችልም።»

አጃይብ ከጓሮው ማዶ ያለው ቦይ ዳር ደረሰ። ጆንያውን ውሃው ውስጥ ወረወረው። በደረቱ ተኛ።

ውሃው ወደ ሰማይ ተነሣ።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው አልተጎዳም። ግን ከፍንዳታው ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ጥይት ተሰምቶ ነበር።

ሲመለስ ቢቢ የጫማ ማስቀመጫው ደጃፍ ላይ በጥይት ተመትታ ወድቃለች። ሰዎቹ ሸሽተዋል። አጎት ኋላ ተይዟል፤ ለእሷ ግን ምን ይጠቅማታል? አጃይብ ቢያለቅስ ማን መሆኑ ይታወቅበታል። «እናቴ» እንኳ ማለት አልቻለም። ነጠላ ጫማዋን ከመደርደሪያው ፈልጎ፣ በእጁ አቧራውን ጠርጎ፣ እግሯ ሥር አኖረላት። ከዚያ ከሚሸሸው ሰው ጋር ተደባልቆ ወጣ። አጃይብ የሚባል ሰው ከዚያ ወዲህ የትም አልታየም።

አንዴ ብቻ፣ ከዓመታት በኋላ፣ አንድ ፖስታ በእሷ ስም ጉርድዋራችን ደረሰ። ውስጡ ባዶ ነው። የባባ ቴምብር ላዩ ላይ አለ፤ በምላስ አልረጠበም፣ ዙሪያው ወረቀቱ ውሃ በዝቶበት ተኮማትሯል።

እናንተም ልጆቼ፣ ቴምብር ስትለጥፉ ጣታችሁን ውሃ ውስጥ ንከሩ። ስትነክሩም ቢቢ ሃርባንስን አስታውሱልኝ።