የተዘረጋችው ጉርሻ

ይህ ነገር የሆነበትን ዘመን የሚያውቀው ያለፈውንና የሚመጣውን በአንድነት የሚያይ አምላክ ብቻ ነው፤ ለእኛ ገና ያልደረሰው ለእርሱ እንዳለፈች ትናንት ነውና።

በጣና ላይ በተንሳፈፈችው ከተማ የሞተ ዘመድን ለማየት በር ከፍቶ መግባት ይበቃ ነበር። ጥበቡን ዐውደ ምስል ይሉታል፤ ሰው ገብቶ የሚመላለስበት፣ በውስጡ ያሉትም ወደ ገባው ዞረው የሚያነጋግሩት የብርሃን ፎቶግራፍ ነው።

ናሁሠናይ የዚህ ጥበብ ሊቅ ነበረ። ልጁ ኅሪት በማግስቱ ልትሞሸር ስለ ነበረ፣ ከሟች እናቷ ከየውብዳር እጅ ጉርሻ መቀበል ፈለገች። አባቷ አዲሱን መሣሪያ ሲሞክር ያነሳው የፋሲካ ማለዳ ምስል ነበረ፤ የውብዳር ጾሙን ልታስፈታ ጉርሻ ይዛ እጇን ዘርግታለች። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ዐረፈች።

ኅሪት ወደ ምስሉ ገብታ በመሶቡ አጠገብ ተንበረከከች፤ አፏንም ከፈተች። በምስሉ ከተቀመጡት አንዱ፣ አጎቷ፣ ወደ እርሷ ዞሮ «እንኳን አደረሰሽ!» አላት። እናቷ ግን አላየቻትም፤ እጇ ወደ ባዶ ቦታ እንደ ተዘረጋ ቀረ።

«አባዬ፣ እማዬ ተቀይማኛለች እንዴ?»

«ምስል አይቀየምም፤ መሣሪያው ታሞ ነው።» መረመረው፤ እንከን አጣበት። «እጇን በግድ ወደ አንቺ ላዙረው?»

«በግድማ ምን ጉርሻ አለ!»

ስሕተቱን ሊፈልግ ራሱ ገባና በባዶው ቦታ ቆመ። ያን ጊዜ የየውብዳር ዓይኖች በርተው ፊቱ ላይ ዐረፉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ክንዴ ዛለ እኮ! አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ አንተ አንዱንም እምቢ?»

የናሁሠናይ የዚያ ማለዳ ድምፅ ከአየር ላይ መለሰላት፦ «ቆይማ፣ ዙሪያውን አንስቼ ልጨርስ።»

ያ ቦታ እርሱ መሣሪያውን ይዞ የቆመበት ነበር። ዙሪያው ነውር እንዳይኖረው አንሺውን ከምስሉ የሚደመስስ መሣሪያ የሠራው እርሱ ነው፤ ተመስግኖበታልም። አካሉን የደመሰሰው መሣሪያ ድምፁን ግን ረስቶት ኖሯል። ሌሎቹ ወደ መጣው ሁሉ ይዞራሉ፤ እርሷ የምትጠብቀው አንድ ሰው ነበር። ያችን ጉርሻ በኋላ ማን እንደ በላት እንኳ አላስታወሰም።

አፉን ከፈተ። ብርሃኑ ከንፈሩን ነካው፤ ጣዕም አልነበረውም።

«ተዋት አባዬ» አለች ኅሪት በቀስታ። «ጉርሻዋ የእኔ አይደለችም፤ ያንተ ናት።»

ምስሉን አጥፍቶ ወደ እውነተኛው ማዕድ ወጣ። በገዛ እጁ ጠቅልሎ ኅሪትን አጎረሳት።

«ሁለተኛዋስ? በሠርጌ ዋዜማ እንዳንጣላ!»

እያለቀሰ ደገመላት። ዙሪያውን ሁሉ የሚያይ ዓይን ሠርቶ ነበር፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ሚስቱ ግን ሳያያት አለፈች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ማዕዳችሁ ይባረክ፤ በቤታችሁ የተዘረጋ እጅ ሳይዝል የሚቀበለው አይጣ። አሜን።